«አቦ ንቀሉኝ!»፦ የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው እግሩ ለምን አያስተኛውም?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂዋ ስለ አባቷ እንዲህ ትላለች፦

«አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። እጥበት ከጀመሩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆናቸው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚታጠቡት። ከአምስት ወር ወዲህ ማታ ማታ እግራቸው አላስተኛ ብሏቸዋል። ‹አጥንቴ ውስጥ ጉንዳን ይሄዳል› ይላሉ። ተነስተው ግቢ ውስጥ ሲመላለሱ ያድራሉ፤ እኛም የሰንደል ጫማቸውን ድምፅ ስንሰማ እናድራለን። ማሽኑ ላይም ሦስተኛው ሰዓት ሲደርስ ‹አቦ ንቀሉኝ!› ይላሉ። ጎረቤት ካልሲየም አንሷቸው ነው፣ ሙዝም ይብሉ ይላል። ከፋርማሲ ቫይታሚን ቢ ገዛን፤ ለውጥ የለም። ለማቅለሽለሽ ፕላሲል፣ ለማሳከክ ደግሞ ማታ ማታ ፕሮሜታዚን ይወስዳሉ። ማሽኑ ነርቫቸውን ጎድቶት ይሆን? የእንቅልፍ ኪኒን ብንሰጣቸውስ?»

ማሽኑ ነርቫቸውን አልጎዳውም። ሙዙን ዛሬውኑ አቁሙ። የእንቅልፍ ኪኒኑንም አትጀምሩ።

ከሙዙ ልነሳ፤ አደገኛው እሱ ነው። ሙዝ ፖታሲየም የሞላበት ፍሬ ነው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል። በሳምንት ሁለቴ የሚታጠብ ሰው ግን በእጥበቶቹ መሃል ለሦስት፣ ለአራት ቀን ያጠራቅመዋል። ፖታሲየም ከልክ ሲያልፍ ልብ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊቆም ይችላል። የብርቱካንና የማንጎ ጁስም ያው ነው። የድሬ ሙቀት ጁስ እንደሚያስመኝ አውቃለሁ፤ ጎረቤታችሁም በደግነት ነው የመከሩት። ግን ይህ ምክር ሰው ይገድላል። ካልሲየምም ደም ሳይመረመር አይሰጥም፤ ሲበዛ ደም ሥር ላይ ይጋገራል። የማግኒዥየም ኪኒን የሚመክራችሁ ካለም እንቢ በሉ፤ ኩላሊቱ ለማይሠራ ሰው መውጫ የለውም። ቫይታሚን ቢው አይጎዳቸውም፤ ይህን ሕመም ግን አያድንም።

ከጻፍሽልኝ ተነስቼ ስገምት የአባትሽ ሕመም በእንግሊዝኛው ሬስትለስ ሌግስ ሲንድሮም የሚባለው ነው። እኔ ለታካሚዎቼ «የሚያቁነጠንጥ እግር» እላቸዋለሁ። አዲስ ሕመም አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1672 ጽፎበታል። ስዊድናዊው የነርቭ ሐኪም ካርል አክሰል ኤክቦም ደግሞ በ1945 በደንብ አጥንቶ ስም ሰጠው። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ላይም ይከሰታል። እጥበት ላይ ባሉ ሰዎች ግን በጣም ይበዛል፤ በግምት ከአራት ሰው አንዱ አለበት። ስምንት ማሽን ያለበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ማለት ነው። ታዲያ ለምን አይወራም? እኛ ሐኪሞች ስለማንጠይቅ ነው። ስለ ግፊት እንጠይቃለን፣ ክብደት እንለካለን፣ ፊስቱላውን፣ ማለትም ለእጥበት የሚወጋውን የክንድ ደም ሥር፣ እንዳስሳለን። «ሌሊቱን እንዴት አደሩ?» ግን አንልም። ታካሚውም «እግሬ ይቁነጠነጣል» ብሎ ለዶክተር መናገር ያፍራል። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አልጠይቅም ነበር፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ይህን ሕመም የሚያሳይ ራጅም የደም ምርመራም የለም። የሚታወቀው ታካሚው ሲናገር በማዳመጥ ነው። እግርን የማንቀሳቀስ ግድ የሚል ስሜት አለ። ስሜቱ ሲቀመጡ ወይም ሲተኙ ይብሳል። ሲነሱና ሲራመዱ ወዲያው ቀለል ይላል፤ ሲተኙ ተመልሶ ይመጣል። ቀን ቀን ደህና ውሎ ሲመሽ ይጀምራል። የአባትሽ ሰንደል ጫማ ይህን ሁሉ ነግሮኛል። ሌሊት ግቢ ውስጥ የሚመላለሱት መራመዱ ስለሚያሳርፋቸው ነው። ማሽኑ ላይ የሚጨንቃቸውም አራት ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ስላለባቸው ነው።

ከሦስት ነገር ጋር ይምታታል። አንደኛው ክራምፕ የምንለው የጡንቻ መኮማተር ነው። እጥበት ላይ ብዙ ውሃ በፍጥነት ሲወጣ ይመጣል፤ ባቱ ድንጋይ ሆኖ ይጠጥራል፣ በጣም ያማል። የሚያቁነጠንጥ እግር ግን ሲዳስሱት ለስላሳ ነው። ሁለተኛው ስኳር ያለባቸው ሰዎች የነርቭ ጉዳት ነው። እሱ የእግር መዳፍን ያቃጥላል ወይም ያደነዝዛል፤ መራመድም አያሻለውም። ሁለቱም አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ አባትሽ ስኳር ካለባቸው እግራቸው በደንብ ይታይ። ሦስተኛውን ፕላሲል ጋ ስደርስ እነግርሻለሁ።

ምክንያቱ እግር ላይ አይደለም፤ ጭንቅላት ውስጥ ነው። «የጭንቀት ነው» ማለቴ አይደለም። እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ዶፓሚን በሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል። ለዶፓሚን ሥራ ደግሞ አይረን የሚባለው የብረት ማዕድን ያስፈልጋል። በዚህ ሕመም አንጎል ውስጥ ያለው አይረን ያንሳል። የእጥበት ታካሚ አይረን የሚያልቅበት ብዙ መንገድ አለው። በየእጥበቱ ትንሽ ደም ቱቦና ማጣሪያው ውስጥ ይቀራል። ለምርመራም ይቀዳል። ምግብ አይጥምም፣ ሥጋም ይወደዳል። ቢበላም ቢዋጥም አንጀት አይረኑን በደንብ አይቀበልም፤ የአይረን ኪኒን እጥበት ላይ ላለ ሰው ብዙ የማይፈይደው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሐኪሞችም የምንሳሳትበት አለ። ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ የአይረን ክምችትን ያሳያል። የእጥበት ታካሚ ፌሪቲኑ 300 ወይም 400 ሲሆን «አይረን ሞልቶታል» ተብሎ ይታለፋል። ግን ፌሪቲን በኢንፌክሽንና በሰውነት መቆጣት ብቻም ይጨምራል። እህሉ ጎተራ ውስጥ አለ፣ ቁልፉ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን የሚባለው አብሮ ይታዘዝ። ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ሰውነት የሚጠቀምበት አይረን አንሷል ማለት ነው። ያኔ በደም ሥር የሚሰጥ አይረን፣ ለምሳሌ አይረን ሱክሮስ፣ እጥበቱ ላይ እያሉ በማሽኑ መስመር ይሰጣቸዋል። አዲስ መርፌ አይወጉም። ትኩሳት ወይም የካቴተር፣ ማለትም ለእጥበት ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቱቦ፣ ኢንፌክሽን ካለ ግን መጀመሪያ እሱ ይታከም። ደግሞ አይረን አነሰ ተብሎ ደም እንዳይሰጣቸው። ደም አስገዳጅ ሲሆን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ወደፊት የሚተከል ኩላሊትን ሰውነት እንዳይቀበል ሊያደርግ ይችላል።

አሁን ዋናው ላይ ደርሰናል። ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ፕላሲልና ፕሮሜታዚን ላይ ነው።

አንድ የሐረር ታካሚ ትዝ ይሉኛል። ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ እናት ናቸው። ስድስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥተው ነበር። መድኃኒታቸውን ሁሉ እንዲያመጡ ለመንኳቸው። በቀጣዩ እጥበት አንድ ጥቁር ፌስታል ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ሰባት ዓይነት ኪኒን ወጣ። አንዱን አንድ ሐኪም፣ ሌላውን ሌላ ሐኪም፣ ሁለቱን ደግሞ ፋርማሲ ነው የሰጣቸው። ከሰባቱ ሦስቱ ይህን ሕመም የሚያባብሱ ነበሩ። እግራቸው ሲብስ ሌላ ኪኒን ይጨመርላቸዋል፤ የተጨመረው ደግሞ እግሩን ያባብሰዋል። ሦስቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አወጣንላቸው። ሌላ ምንም ሳንጨምር ግማሹ ሕመም ለቀቃቸው።

ፕላሲል ዶፓሚንን ይዘጋል። ማቅለሽለሽን የሚያስታግሰውም በዚሁ ነው። ግን አንጎል ውስጥም ይገባል። ቀድሞውኑ ዶፓሚኑ የደከመ ሰው ላይ ሲጨመር እግሩን ያሳብደዋል። በዚያ ላይ ኩላሊት ሲደክም ፕላሲል ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ መጠኑ ቢያንስ በግማሽ መቀነስ አለበት። አለፍ ሲልም ሦስተኛ ያልኩሽን ያመጣል፦ ሰውዬው ቀንም ማታም፣ እግሩ ብቻ ሳይሆን ሁለመናው መቀመጥ ያቅተዋል። ፕሮሜታዚንም ዘመዱ ነው። ለማሳከክ የሚሰጡት ዳይፈንሃይድራሚንና ክሎርፌኒራሚንም ያባብሳሉ። ያስተኛሉ ተብለው ማታ ስለሚሰጡ ማንም አይጠረጥራቸውም። ለድብርት የሚሰጡት አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክስቲንም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ሕመሙ የጀመረው ከአምስት ወር በፊት ነው ብለሻል። ፕላሲልና ፕሮሜታዚን መቼ ተጀመሩ? የድሮ ማዘዣ ካለ ቀኑን እዪ።

በራስሽ ግን አታስቁሚ። በተለይ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክስቲን የሚወስዱ ከሆነ ድንገት መቆም የለበትም። ለማቅለሽለሹ ሐኪማቸው ኦንዳንሴትሮን ሊቀይርላቸው ይችላል፤ የልብ ምታቸውን አይቶ። የእጥበት ታካሚ ማሳከክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአለርጂ አይደለም። ከቆዳ ድርቀት፣ ፎስፌት ከሚባለው ማዕድን መብዛትና ከራሱ ከኩላሊት ድካም ይመጣል። ማታ ሰውነትን በቫዝሊን ማሸት ከፕሮሜታዚን የተሻለ የሚያሳርፈው ሰው ብዙ ነው።

አይረኑ ተስተካክሎ፣ አባባሾቹም ወጥተው አሁንም ካላስተኛቸው እኔ የምመርጠው ጋባፔንቲን ነው። ጥሩነቱ የእጥበት ታካሚን ማሳከክም ያስታግሳል። ፕሮሜታዚን ወጥቶ አንድ ኪኒን ለእግሩም ለማሳከኩም ይሠራል ማለት ነው። ግን ከመጠኑ ጋር ቀልድ የለም። ጋባፔንቲን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው ከ5 እስከ 7 ሰዓት ውስጥ ግማሹን ያስወጣል። ኩላሊቱ ጨርሶ በማይሠራ ሰው፣ እጥበት ከሌለ፣ ግማሹ እስኪወጣ ከ5 ቀን በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የሚጀመረው በ100 ሚሊግራም ነው፤ ያውም በእጥበት ቀን ብቻ፣ ከእጥበቱ በኋላ። ሲያስፈልግ ቀስ ተብሎ ይጨመራል፤ ብዙ ጊዜ ከ300 አያልፍም። ለሌላ ሰው «300፣ በቀን ሦስት ጊዜ» ተብሎ የታዘዘውን ከዘመድ ተውሶ መዋጥ መርዝ ነው። እንዲህ ወስዶ ስትሮክ መታው ተብሎ የመጣ ሰው አይቻለሁ። አይነቃም፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የልጁን ስም አያውቅም። ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ነቃ። አባትሽ ከጀመሩ በኋላ ከመጠን በላይ ካንቀላፉ፣ ከተንገዳገዱ ወይም ወሬያቸው ከተምታታ ቀጣዩን አትስጧቸው፤ ወዲያው ለእጥበት ክፍሉ ደውሉ።

ፕራሚፔክሶልና ሌቮዶፓ የሚባሉ የዶፓሚን መድኃኒቶችም አሉ። መጀመሪያ ሲሰጡ ተአምር ይመስላሉ። ከወራት በኋላ ግን ሕመሙ በምሽት መጀመሩ ቀርቶ ከሰዓት በኋላ፣ ከእግር አልፎ ወደ እጅ ይመጣል። በ2025 የወጣው የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ መመሪያም እንደ መደበኛ ሕክምና እንዳይሰጡ ይመክራል። እኔም አልጀምርላቸውም። ቫይታሚን ሲ በቀን 200 ሚሊግራም ለአንዳንድ የእጥበት ታካሚዎች ረድቷል። ከዚያ በላይ ሲወሰድ ግን ኦግዛሌት ወደሚባል ንጥረ ነገር ተለውጦ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። የእንቅልፍ ኪኒን፣ ለምሳሌ ዳያዜፓም፣ አባትሽን ያፈዛቸዋል እንጂ እግራቸውን አያክምም። ሌሊት ፈዘው ሲነሱ ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው። የሕመም ማስታገሻውን ትራማዶልንም እንዳታስቡት፤ ኩላሊት ሲደክም የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ስለ «ንቀሉኝ»። ይህ ነው በጣም ያሳሰበኝ። የተለመደው እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ነው፤ 12 ሰዓት። አባትሽ ሁለቴ ነው፤ 8 ሰዓት። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅ በዚህ አልወቅሳችሁም። ግን በሦስተኛው ሰዓት ከተነቀሉ 6 ሰዓት ይሆናል። የሚያስፈልገው ግማሽ ማለት ነው። ውሃው ሳንባ ላይ ይቀራል፣ ፖታሲየሙም ይቀራል። እጥበቱን ማስረዘም ብቻውን ይህን እግር አያድነውም፤ ማሳጠሩ ግን ሕይወታቸውን ያሳጥራል።

ስለዚህ እዚያው ማሽኑ ላይ የሚያግዛቸውን እንፈልግ። ለሲስተሮቹ ሕመሙን በስሙ ንገሪያቸው፤ ጠባይ ነው ብለው እንዳይቆጡ። ግፊታቸው ከፈቀደ የማሽኑን ፈሳሽ ሙቀት በትንሹ መቀነስ አንዳንዱን ይረዳል። ተራቸው ወደ ጠዋት ፈረቃ እንዲዛወር ጠይቁ፤ ጠዋት ሕመሙ ይተኛል። ሁለተኛው ሰዓት ካለፈ በኋላ ባታቸውን እሺያቸው። ፊስቱላው ያለበት እጅ ሳይነካ፣ ሲስተር አጠገብ ሆና፣ ግፊታቸው ተለክቶ አልጋው ዳር ቆም ማለት ይችሉ ይሆናል። አልጋ ላይ ሆኖ ፔዳል መምታትም በተሞከረባቸው ቦታዎች ሕመሙን ቀንሷል። አእምሮን የሚይዝ ነገርም ይሠራል። ካርታ፣ ዳማ፣ የሞቀ ጨዋታ። ስለ ድሮው ባቡር የሚጠይቃቸው ሰው አጠገባቸው ቢቀመጥ አራተኛው ሰዓት ያልፋል።

ድሬ ላይ ስለ እንቅልፍ ጽፎ ጫትን መዝለል አይቻልም። አባትሽ ይቅማሉ አላልሽም፤ የሚቅሙ ከሆነ ግን ይህ ለሳቸው ነው። ጫት የሚያነቃቃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የተቃመ ሌሊቱን ይይዛል። ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ አብሮት የሚጠጣው ነው። በርጫ ላይ ውሃው፣ ለስላሳው፣ ሻዩ አይቆጠርም። ሽንት ለሌለው ሰው ያ ሁሉ እስከ ቀጣዩ እጥበት እላዩ ላይ ነው። ምክሬ ይተዉት ነው። የጓደኞቻቸውን ጨዋታ ግን አትከልክሏቸው፤ ጫቱን ትተው ይቀመጡ። ቡናም ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ይቅር። ሲጋራም እንዲሁ።

ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። ከመተኛታቸው በፊት እግራቸውን ማሸት፣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ መንከር ይቻላል። ስኳር ካለባቸው ውሃውን አንቺ በክርንሽ ለኪው፤ የደነዘዘ እግር ሳያውቅ ይቃጠላል።

ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ላይ ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል ወይም በጣም ይቀላል። አገራችን ውስጥ ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ኩላሊት የሚለግሰው በአብዛኛው በሕይወት ያለ የቤተሰብ አባል ነው። ለእግር ተብሎ የሚደረግ አይደለም። ግን በቤተሰብ ያልተነሳ ጉዳይ ከሆነ ሐኪማቸውን ጠይቁ።

ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፦ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ እግር ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ፣ የማይድን ቁስል ካለ፣ እግር ድንገት ከዛለና መቆም ካቃተ። የመጨረሻው የፖታሲየም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን አታዛቡት። መጀመሪያ አባባሾቹ ይውጡ፣ ቀጥሎ አይረኑ ይታይ፣ ከዚያ ካስፈለገ ጋባፔንቲን ከእጥበት በኋላ። በዚህ ሁሉ መሃል አራቱን ሰዓት ይጨርሱ። የሚቀጥለው እጥበት ዋዜማ ማታ መድኃኒቱን ሁሉ፣ የተቋረጠውንም፣ ከትራስ ሥር ያለውንም፣ አንድ ፌስታል ውስጥ ክተቺና በሩ ላይ አንጠልጥይው። አንድ ደብተርም ያዢ። የሰንደል ጫማው ድምፅ ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረና ስንት ሰዓት ላይ እንደቆመ በየሌሊቱ ጻፊ። ሐኪማቸው መድኃኒት ሲቀይር መሥራት አለመሥራቱን የሚያውቀው ከዚያ ደብተር ነው።